የቤት መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ዝርጋታ

የቤት መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ዝርጋታ በአንድ ቤትና ግቢ ውስጥ ያሉ በርካታ መብራቶችን ከአንድ ወይም ከተለያዩ ቦታዎች ለማብራትና ለማጥፋት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሚገናኙበት አሠራር ነው። ሥራው አምፖልን፣ የአምፖል መያዣን፣ ማብሪያና ማጥፊያን (ከዚህ በኋላ «ማብሪያ»)፣ ሽቦን፣ የሽቦ መገናኛ ሳጥንንና ከቆጣሪው ቀጥሎ የሚገጠመውን ብሬከር ያካትታል።

ማንኛውም ዝርጋታ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው የትኛው መብራት ከየት ቦታ ይበራል የሚል ነው። ሁለተኛው መብራቱ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ የሚቆመው የት ላይ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው በስህተት ከተመለሰ ቤተሰቡ ግቢውን በጨለማ ያቋርጣል። ሁለተኛው በስህተት ከተመለሰ ግን አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የዕለት ተዕለት አማርኛ እነዚህን ሁለት ነገሮች አይለይም። «መብራት» የሚለው ቃል አምፖሉንም፣ ብርሃኑንም፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉንም ይጠራል። «መብራት ጠፋ» ሲባል አንድ ሰው ማብሪያውን ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሠፈሩ ኃይል ተቋርጧል ማለትም ሊሆን ይችላል። በሽቦ ሥራ ግን አምፖሉ መጥፋቱ በመያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም።

በሐይቅና በአምባሰል

ሐይቅ በደቡብ ወሎ ዞን የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ትገኛለች፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመውም በዚህ አካባቢ ነበር።

በእነዚህ ከተሞች ከብሎኬት ቤቶች ጎን ለጎን በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች በብዛት ይታያሉ። ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥለው በግቢው ውስጥ ይሠራሉ። የአምባሰል መሬት ተራራማ በመሆኑ ከአጥሩ በር እስከ በረንዳው ድረስ ደረጃ ወይም ዳገት ያለባቸው ግቢዎች አሉ። በእንዲህ ያለ ግቢ ለእያንዳንዱ አምፖል አንድ ማብሪያ መግጠም ብቻውን አይበቃም። ማታ ከውጭ የሚገባ ሰው የደረጃውን መብራት በሩ ላይ አብርቶ በረንዳው ላይ ሲደርስ ማጥፋት ይፈልጋል። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወጣም ሰው መብራቱን ከቤት አብርቶ ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ ማጥፋት፣ ሲመለስም እንደገና ማብራት ያስፈልገዋል። አንድን መብራት ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ ማዘዝ የሚያስችለው ዝርጋታ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እንዲህ ባሉ ግቢዎች ነው።

ሽቦዎቹና ሥራቸው

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከምሰሶ ወደ ተራ መኖሪያ ቤት ሁለት ሽቦዎች ይገባሉ። አንደኛው ፌዝ ሲሆን ኃይሉን የሚያመጣውና ሲነካ የሚይዘው ሽቦ ነው። ሁለተኛው ኒውትራል ሲሆን ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ነው። በሦስተኛነት የመሬት ሽቦ ወይም ኧርዝ አለ። ይህ ሽቦ በግቢው ውስጥ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ተነሥቶ የመብራትና የዕቃ ብረታማ አካላት ላይ ይታሰራል። በደህናው ጊዜ ምንም ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፤ ፌዝ ብረት ሲነካ ግን ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ይወስዳል።

ለመብራት መስመር በተለምዶ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ለሶኬት መስመር ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይለመዳል። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው አቅም ልክ ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠም ብሬከሩ ከመዝለሉ በፊት ሽቦው በግድግዳ ውስጥ እንዲቃጠል ያደርጋል።

በዓለም አቀፉ ልማድ ሰማያዊ ሽቦ ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ለመሬት፣ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ለፌዝ ይውላሉ። በቀድሞው የእንግሊዝ ልማድ ግን ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ደግሞ ኒውትራል ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሽቦ በአንዱ ልማድ የሚይዝ፣ በሌላው የማይዝ ነው። በተለያየ ጊዜ በተለያዩ ሰዎች በታደሰ ቤት ውስጥ ቀለም መነሻ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ሽቦ የሚታወቀው በመለኪያ ነው።

መሠረታዊው ሕግ

የመብራት ዝርጋታ ዋና ሕግ አንድ ነው። ኒውትራል ወደ አምፖሉ በቀጥታ ይሄዳል፤ ማብሪያ የሚገባው ፌዙ ላይ ነው። ከብሬከር የመጣው ፌዝ መጀመሪያ ወደ ማብሪያው ይወርዳል፤ ከማብሪያው ሌላኛው ጫፍ የሚነሣው ሽቦ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ይህ ከማብሪያ ወደ አምፖል የሚሄድ ሽቦ በዚህ ጽሑፍ «ተመላሽ ሽቦ» ይባላል።

ማብሪያው በኒውትራሉ ላይ ቢገጠምም አምፖሉ በትክክል ይበራል፤ በትክክልም ይጠፋል። ስህተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ማብሪያው ጠፍቶ እያለ ፌዙ በመያዣው ውስጥ ይቀራል። አምፖል የሚቀይር ሰው የመያዣውን ብረት ሲነካ ኤሌክትሪኩ በእሱ አካል አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ ተራ ብሬከር አያድንም። 10 ዋት የሚወስድ አንድ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል በ220 ቮልት ላይ 45 ሚሊ አምፔር ገደማ ያሳልፋል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠመው የፍሳሽ መቁረጫ መሣሪያ ደግሞ በ30 ሚሊ አምፔር እንዲዘል ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ በሰውነት ሲያልፍ ልብን ሊያውክ ስለሚችል ነው። እንግዲህ ሰውን ለመግደል አንድ አምፖል ለማብራት የሚበቃው ኤሌክትሪክ ይበቃል። ባለ 10 አምፔር ብሬከር ይህን ያህል ትንሽ መጠን ጨርሶ አይሰማውም። ሥራው ሽቦውን ከቃጠሎ መጠበቅ ነው።

የግንኙነት ዓይነቶች

አንድ ማብሪያ፣ አንድ መብራት። ይህ ቀላሉ ዓይነት ነው። ባለ አንድ መንገድ ማብሪያ ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ በአንዱ ፌዝ ይገባል፣ በሌላው ተመላሽ ሽቦ ይወጣል። ኒውትራል ማብሪያው ውስጥ አይገባም። ጀማሪዎች ፌዝንና ኒውትራልን በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ካሰሩ ማብሪያው በተጫነ ቅጽበት ሁለቱ ሽቦዎች በቀጥታ ይገናኙና ብሬከሩ ይዘላል።

አንድ ማብሪያ፣ ብዙ መብራቶች። በሳሎን ጣሪያ ላይ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት አምፖሎች አብረው እንዲበሩ ከተፈለገ ተመላሹ ሽቦ ለእያንዳንዱ አምፖል ይከፈላል፤ ኒውትራሉም እንዲሁ። እያንዳንዱ አምፖል ሙሉ 220 ቮልት ያገኛል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌሎቹ መብራታቸውን ይቀጥላሉ። ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያው አምፖል አልፎ ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ ከታሰረ ግን ቮልቱ ይከፋፈላል። ሁለት እኩል ባለ ክር አምፖሎች እያንዳንዳቸው 110 ቮልት ብቻ ስለሚደርሳቸው ይፈዛሉ፤ አንዱ ሲቃጠልም ሁለቱም ይጠፋሉ።

ብዙ ማብሪያዎች በአንድ ቦታ፣ ለየራሳቸው መብራት። ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ያለው ማብሪያ የዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ፌዝ ወደ ሳጥኑ ይገባና በአጭር ሽቦ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ተመላሽ ሽቦ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ሳጥኑ የሚወርዱት ሽቦዎች ብዛት የቁልፎቹ ብዛት ሲደመር አንድ ነው፤ ለሦስት ቁልፍ አራት ሽቦ ማለት ነው። ሽቦዎቹ ከመቀበራቸው በፊት ምልክት ካልተደረገባቸው የትኛው ተመላሽ የየትኛው አምፖል እንደሆነ ለመለየት በኋላ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ሁለት ማብሪያዎች፣ አንድ መብራት። ይህ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ ይፈልጋል። ይህ ማብሪያ ሦስት መግቢያዎች አሉት፤ አንዱ የጋራ መግቢያ ሲሆን ሁለቱ የመንገድ መግቢያዎች ናቸው። ቁልፉ ሲጫን የጋራ መግቢያው ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይዞራል። ፌዝ በመጀመሪያው ማብሪያ የጋራ መግቢያ ላይ ይታሰራል። የሁለቱ ማብሪያዎች የመንገድ መግቢያዎች በሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከሁለተኛው ማብሪያ የጋራ መግቢያ ተመላሹ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ሁለቱም ማብሪያዎች ወደ አንድ መንገድ ሲዞሩ አምፖሉ ይበራል፤ ወደ ተለያዩ መንገዶች ሲዞሩ ይጠፋል። በአራቱ አቀማመጦች ውስጥ ሁለቱ የመብራት፣ ሁለቱ የመጥፋት ናቸው። ስለዚህ ከየትኛውም ወገን አንድ ጊዜ መጫን ሁልጊዜ ያለውን ሁኔታ ይገለብጣል።

ሦስትና ከዚያ በላይ ማብሪያዎች፣ አንድ መብራት። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቦታ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ ይገጠማል። በመካከል ላሉት ቦታዎች አራት መግቢያ ያለው መካከለኛ ማብሪያ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች በአንድ ወገን ይገባሉ፤ ወደ ቀጣዩ የሚሄዱት ሁለቱ በሌላው ወገን ይወጣሉ። ቁልፉ ሲጫን ሽቦዎቹን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ አጣምሮ ያሳልፋል። ረጅም ኮሪደር ወይም ባለ ብዙ ፎቅ ደረጃ በዚህ መንገድ ከአሥር ቦታም ቢሆን ሊታዘዝ ይችላል፤ ሁለቱ የዳር ሲሆኑ ቀሪዎቹ ስምንት መካከለኛ ይሆናሉ።

ብዙ ማብሪያዎች፣ ብዙ መብራቶች። ለዚህ አዲስ ዓይነት ማብሪያ አያስፈልግም። የመጨረሻው ማብሪያ ተመላሽ ሽቦ ለሁለት ወይም ለሦስት አምፖሎች ጎን ለጎን ይከፈላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይበራሉ። በማብሪያዎቹ በኩል ያለው ሥራና በአምፖሎቹ በኩል ያለው ሥራ ተለያይቶ ከታሰበ የተወሳሰበ የሚመስለው ሥዕል ሁሉ ከላይ ካሉት ዓይነቶች ይገነባል።

ሽቦ የሚቆጥበው አደገኛ አሠራር

ለሁለት ቦታ መብራት ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። በዚህ አሠራር በሁለቱም ማብሪያዎች የመንገድ መግቢያዎች ላይ ፌዝና ኒውትራል ይታሰራሉ፤ አምፖሉ በሁለቱ የጋራ መግቢያዎች መካከል ይቀመጣል። አንዱ ማብሪያ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ሲሰጥ አምፖሉ ይበራል። ሁለቱም ኒውትራል ሲሰጡ ወይም ሁለቱም ፌዝ ሲሰጡ ይጠፋል።

ችግሩ በመጨረሻው ሁኔታ ላይ ነው። ሁለቱም ፌዝ በሚሰጡበት ጊዜ አምፖሉ ጠፍቷል፤ የመያዣው ሁለቱም ጫፎች ግን 220 ቮልት ይይዛሉ። ከዚህ ሌላ በእያንዳንዱ ማብሪያ ውስጥ ፌዝና ኒውትራል በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ማብሪያው ሲያረጅ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ አሠራር በሙያው ተቀባይነት የለውም። ተገጥሞ የተገኘም እንደሆነ መለወጥ አለበት።

የአንድ ግቢ ምሳሌ

በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሊገኝ የሚችል አንድ ግቢን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ዋናው ቤት በረንዳ፣ ሳሎን፣ ኮሪደርና ሁለት መኝታ ቤት አለው። ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ናቸው። ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ደረጃ አለ። መብራቶቹ እንዲህ ይደለደላሉ፦

• ለደረጃው ሁለት አምፖሎች፤ በአጥሩ በርና በበረንዳው ላይ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያዎች።
• ለበረንዳው አንድና ለሳሎኑ ሁለት አምፖሎች፤ በሳሎኑ በር አጠገብ ባለ ሦስት ቁልፍ ማብሪያ።
• ለኮሪደሩ አንድ አምፖል፤ በሁለቱ ጫፎች ባለ ሁለት መንገድ፣ በመካከል አንድ መካከለኛ ማብሪያ።
• ለአንደኛው መኝታ ቤት አንድ አምፖል፤ በበሩና በአልጋው ራስጌ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያዎች።
• ለሁለተኛው መኝታ ቤትና ለማድ ቤቱ አንዳንድ አምፖልና አንዳንድ ተራ ማብሪያ።
• ለሽንት ቤቱ አንድ አምፖል፤ በቤቱ የጀርባ በርና በሽንት ቤቱ አጠገብ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያዎች።

በድምሩ አሥር አምፖሎችና አሥራ አራት ቁልፎች ይሆናሉ፤ ስምንት ባለ ሁለት መንገድ፣ አንድ መካከለኛ፣ አምስት ተራ። የቤት ውስጡ መብራት በአንድ ብሬከር፣ የበረንዳው፣ የግቢው፣ የማድ ቤቱና የሽንት ቤቱ በሌላ ብሬከር ቢከፈሉ ይመረጣል። ክረምት ላይ ውጭ ያለው መስመር ውኃ ገብቶበት ብሬከሩ ቢዘል ቤቱ አይጨልምም። መስመሮቹ በፌዝ ከተለያዩ በኒውትራልም መለያየት አለባቸው። የአንዱ መስመር መብራት ከሌላው መስመር ኒውትራል «ከተበደረ» አንዱ ብሬከር ተዘግቶ እያለ የሌላው መስመር ኤሌክትሪክ በዚያ ኒውትራል ያልፋል፤ የሚሠራበት ሰው ሲለያየውም ሊይዘው ይችላል።

የደረጃው መብራት ሽቦ እንዲህ ይቆጠራል። ፌዝ በበረንዳው ማብሪያ ይገባል፤ ሁለት የመንገድ ሽቦዎች እስከ አጥሩ በር ይሄዳሉ፤ ከበሩ ማብሪያ አንድ ተመላሽ ሽቦ ወደ ሁለቱ አምፖሎች ይመለሳል። ኒውትራሉና የመሬት ሽቦው ከቤቱ በቀጥታ ወደ አምፖሎቹ ይሄዳሉ።

የጭነት ስሌት

ከላይ ያሉት አሥር አምፖሎች ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ቢሆኑ ጠቅላላ ጭነታቸው 100 ዋት ነው። ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 0.45 አምፔር ገደማ ይሆናል። አምፖሎቹ የድሮ ባለ 60 ዋት ክር አምፖሎች ቢሆኑ ጭነቱ 600 ዋት ወይም 2.7 አምፔር ገደማ ነው። ሁለቱም ከ10 አምፔር በታች ስለሆኑ ባለ 1.5 ሽቦ በቀላሉ ይችላቸዋል።

ነገሩ የሚለወጠው ከመብራት መስመር ላይ ሌላ ዕቃ ሲቀጠል ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከማድ ቤቱ መብራት ሽቦ ላይ ሶኬት ቀጥሎ ምጣድ መሰካት ሽቦውን ከአቅሙ በላይ ያሞቃል። ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ግድግዳ፣ ጣሪያና ግቢ

በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ያለ ቱቦ መቅበር ሁለት ጉዳት አለው። ጭቃው በክረምት እርጥበት ይይዛል፤ ሽቦው ሲበላሽም ግድግዳ ሳይፈርስ መቀየር አይቻልም። የፕላስቲክ ቱቦ ሽቦውን ከእርጥበትም ከአይጥም ይጠብቀዋል። የሽቦ ቅጥያ በቱቦ ውስጥ ወይም በልስን ሥር አይደረግም። ቅጥያ ሁሉ ክዳኑ በሚከፈት የመገናኛ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይታሰራል።

የቆርቆሮ ክዳን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆርቆሮ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ነፋስ ሽቦውን በላዩ ላይ ሲያንቀሳቅሰው ልባሱን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ፌዙ ቆርቆሮውን ከነካ ጣሪያው ሁሉ፣ ከጣሪያው ጋር የተያያዘውም የብረት በርና የልብስ ማስጫ ሽቦ ጭምር፣ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ሽቦ በቆርቆሮ አጠገብ ወይም በቀዳዳው ሲያልፍ በቱቦ ውስጥ መሆን አለበት።

ወደ ማድ ቤቱና ወደ ሽንት ቤቱ የሚሄደው መስመር በመሬት ውስጥ ከሆነ ለመቀበር የተሠራ ኬብል፣ በአየር ላይ ከሆነ ሰው ከማይደርስበት ከፍታ በላይ የተወጠረ መሆን ይገባዋል። በውጭ የሚገጠሙ ማብሪያዎችና መያዣዎች ውኃ የማያስገባ ክዳን ያስፈልጋቸዋል። በውጭው መስመር ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መቁረጫ መግጠም በእርጥብ እጅና በባዶ እግር ለሚነካ ሰው የመጨረሻው መከላከያ ነው።

የተለመዱ ብልሽቶችና ምልክታቸው

• ባለ ሁለት ቦታ መብራት አንደኛው ማብሪያ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ በሌላኛው የሚታዘዝ ከሆነ፣ በአንዱ ማብሪያ ላይ የጋራ መግቢያው ሽቦ ከመንገድ ሽቦ ጋር ተለዋውጧል።
• ሁለት አምፖሎች አብረው የሚፈዙ ከሆነ ጎን ለጎን ሳይሆን ተከታትለው ታስረዋል።
• የኤልኢዲ አምፖል ከጠፋ በኋላ በደብዛዛው ማብራቱን ከቀጠለ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዱ ማብሪያው በኒውትራል ላይ መሆኑ ነው። ሌላው ረጃጅም ሽቦዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። የመጀመሪያው አደገኛ ስለሆነ መጀመሪያ መመርመር ያለበት እሱ ነው።
• ማብሪያው የሚሞቅ ወይም የሚንጣጣ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል፤ ወይም መገናኛው ተቃጥሏል።
• የፍሳሽ መቁረጫው አንድ መብራት በበራ ቁጥር የሚዘል ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተበደረ ኒውትራል ነው።

ከመንካት በፊት

ተራ ማብሪያ ምልክቱ ታይቶ መብራቱ መጥፋቱ ሊገመት ይችላል። ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ ግን «የመጥፊያ» አቅጣጫ የለውም፤ ወደ ላይም ሆኖ ወደ ታችም ሆኖ አምፖሉ ሊበራ ይችላል። በተለይ የሠፈሩ ኃይል በተቋረጠበት ጊዜ ቁልፎቹን በማየት መብራቱ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። «መብራት የለም» ተብሎ የተጀመረ ሥራ ኃይሉ ሳይታሰብ ሲመለስ ወደ አደጋ ይለወጣል።

ስለዚህ ሥራ የሚጀመረው ማብሪያውን በማጥፋት ሳይሆን ብሬከሩን በማውረድ ነው፤ የሠፈሩ ኃይል ተቋርጦ ቢሆንም። ብሬከሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነሣው ምልክት ይደረጋል፤ ለቤተሰቡም ይነገራል። ቀጥሎ መለኪያው ኤሌክትሪክ እንዳለበት በታወቀ ቦታ ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ የሚሠራበት ሽቦ ይለካል፤ በመጨረሻም መለኪያው በታወቀው ቦታ ላይ እንደገና ይሞከራል። ሦስቱም ካልተደረጉ የተበላሸ መለኪያ ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ባለ መብራት ካቻቪቴ ፌዝን ለመለየት ይረዳል፤ አለመብራቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ኃይል በተቋረጠበት ሰዓት መለኪያውን የሚሞክሩበት ቦታ ስለማይኖር ምርመራው ኃይሉ እስኪመለስ መጠበቅ ይኖርበታል።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት

ከኤሌክትሪክ መረብ በራቁ የገጠር ቤቶች ኩራዝንና ፋኖስን በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶች እየተኩ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ባለው ዝርጋታም ከላይ የተገለጹት ግንኙነቶች በሙሉ ይሠራሉ፤ ማብሪያው በፌዝ ፋንታ በፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ይገባል። 12 ቮልት ሰውን አይገድልም፤ ሆኖም የእሳት አደጋ አለው፤ የሽቦ ርዝመትም ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ባለ 10 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ላይ 0.83 አምፔር ይስባል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ በባለ 1.5 ሽቦ ቢሠራ 0.4 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል። ስድስት እንዲህ ያሉ አምፖሎች በዚያው ሽቦ ጫፍ ላይ ቢበሩ 5 አምፔር ይሆንና 2.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ ይህም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነው። በ220 ቮልት ግን ተመሳሳይ ርቀት በአንድ አምፖል ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይታይም። ስለዚህ በፀሐይ ኃይል ዝርጋታ ሽቦው ወፍራም፣ መንገዱም አጭር ይደረጋል።

ታሪክ

ማብሪያ ሲጫን የሚሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ ማብሪያዎች መገናኛቸው ቀስ ብሎ ስለሚለያይ በመካከሉ የእሳት ብልጭታ ይፈጠርና ይቃጠሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ሆልምስ መገናኛውን በፍጥነት የሚያለያይ ማብሪያ ሠራ። በቤት ኤሌክትሪክ ላይ ብልጭታው በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ቶሎ ይጠፋል። በባትሪ ኤሌክትሪክ ላይ ግን እንዲህ ያለ እረፍት የለም፤ በዚህም ምክንያት ማብሪያ ለባትሪ ሲገዛ ለዚያ መሠራቱ ይታያል።

በኢትዮጵያ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ዛሬም ተቋሙን «መብራት ኃይል» ብሎ የሚጠራው ከዚያ ስም ነው። በ1989 ዓ.ም. ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለወጠ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለቤቶች ኃይል የሚያከፋፍለውና ቆጣሪ የሚገጥመው አገልግሎቱ ነው።

ደንብና ባለሙያ

እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው መስመር የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት ሲሆን ከቆጣሪው በኋላ ያለው ዝርጋታ የደንበኛው ነው። በሕንፃ ውስጥ ለሚደረግ የኤሌክትሪክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10ኛ ክፍል አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠማሩ ሰዎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ይደነግጋል።

አዲስ ዝርጋታ ወይም ትልቅ እድሳት የባለሙያ ሥራ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን ሥራው ሲጠናቀቅና ልስኑ ከመለሰኑ በፊት ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ፦ ማብሪያዎቹ ሁሉ ፌዙን እንደሚቆርጡ በመለኪያ መታየቱን፣ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ኒውትራል እንዳለው፣ የመሬት ዘንጉ መቀበሩንና በብሬከር ሳጥኑ ላይ የትኛው ብሬከር የትኛውን መብራት እንደሚቆርጥ መጻፉን። የዝርጋታው ሥዕል በወረቀት ላይ ተነሥቶ ከሳጥኑ ክዳን ጀርባ ቢለጠፍ ከዓመታት በኋላ ያንን ግድግዳ ለሚከፍት ሰው ይጠቅማል።